13 ለ 2፦ የሲሼልሱ ጠበቃ ጄምስ ማንቻም እና የወንበር ሂሳብ

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1977፣ በኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 1969 መሆኑ ነው፣ ለንደን ሳቮይ ሆቴል ውስጥ ስልክ ይጮሃል። ያነሳው የ37 አመት ሰው የሲሼልስ ፕሬዝዳንት ጄምስ ማንቻም ነው። ለንደን የሄደው ለኮመንዌልዝ መሪዎች ስብሰባና ለንግስት ኤልሳቤጥ የ25ኛ አመት የንግስና በአል ነበር። ስልኩ ግን መንግስትህ ተገልብጧል የሚል መርዶ ይዞ መጣ። ሰርግ ሄዶ ቤቱ የተዘረፈ ሰው በሉት። አገሩ ነፃ ከወጣች አንድ አመት ሊሞላት 24 ቀን ቀርቷት ነበር።

ይሄ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ቀልድ ነው፤ አንዱ ዘናጭና ሴት አውል ፕሬዝዳንት፣ ሌላው ቆምጨጭ ያለ ሶሻሊስት፣ ዘናጩ ሲዝናና ሶሻሊስቱ ወንበሩን ወሰደበት፣ አለቀ። እኔ ግን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፣ የምርጫ ሂሳብ። ሰውየው ጠበቃ ነው፣ የገለበጠውም ጠበቃ ነው፣ ከ15 አመት በኋላ ደግሞ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ህገመንግስት ሊያወጡ ተገናኙ። እንዲህ አይነት ጉዳይ በየአገሩ አይገኝም።

መጀመሪያ ቦታውን እንያዘው። ሲሼልስ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ከኬንያ ጠረፍ ወደ ምስራቅ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብላ የተበተነች 115 ደሴት ናት፣ ሁሉም ተደምሮ ግን መሬቱ ከ460 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከህዝቡ አብዛኛው የሚኖረው ማሄ የምትባለው ደሴት ላይ ነው፣ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም እዛው ናት። ነፃ ሲወጡ የህዝቡ ብዛት 60 ሺህ ገደማ ነበር፣ እኛ ጋ አንድ መካከለኛ ከተማ ማለት ነው። ፈረንሳዮች አሰፈሯት፣ እንግሊዞች ወሰዷት፣ ህዝቡ ከአፍሪካ ባሪያ ተደርጎ የመጣው፣ ከፈረንሳይ የመጣው፣ ከህንድና ከቻይና ለንግድ የመጣው ተቀላቅሎ ክሪዮል የሚናገር አንድ ህዝብ ሆነ። ማንቻም ራሱ የዚህ ቅይጥ ልጅ ነው፣ በአባቱ ቻይናዊ የዘር ሀረግ ያለው የነጋዴ ቤተሰብ፣ በእናቱ ደግሞ የፈረንሳይ ዘር አለው። በ1939 ተወለደ፣ ለንደን ህግ ተማረ፣ በ1961 ጠበቃ ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ያኔ እዛች ደሴት ላይ ጠበቃ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ የለም። የተማረ የሚባለው ጣት ላይ ይቆጠራል። ገዢው ከለንደን ተሹሞ የሚመጣ እንግሊዝ ነው። እና ፍርድ ቤት ቆሞ በእንግሊዝኛ ከዳኛ ጋር የሚከራከር፣ ወጥቶ ደግሞ በክሪዮል ከገበሬና ከአሳ አጥማጅ ጋር የሚያወራ ሰው ሳይወድ በግዱ ፖለቲከኛ ይሆናል። ሌላው ጠበቃ፣ ኋላ የገለበጠው ፍራንስ አልበርት ረኔም እንደዛው ነው፣ እሱ በአራት አመት ይበልጠዋል፣ ለንደን ተምሮ ቀደም ብሎ ተመልሷል። በ1964 ሁለቱም በየፊናቸው ፓርቲ አቋቋሙ። ማንቻም ዴሞክራቲክ ፓርቲውን፣ ረኔ ደግሞ የሲሼልስ ህዝቦች አንድነት ፓርቲን፣ ከሰራተኛ ማህበራት ጋር የተሳሰረውን። ፂሙን ያሳደገው፣ ህዝቡ ጂሚ እያለ የሚጠራው ማንቻም ከነጋዴውና ከባለመሬቱ ጋር ነው፣ ረኔ ከወደብ ሰራተኛውና ከድሃው ጋር።

የሚገርመው የልዩነታቸው ዋና ነጥብ ነው። በስልሳዎቹ አፍሪካ በሙሉ ነፃነት ነፃነት ሲል ማንቻም አይ፣ እኛ ከእንግሊዝ ጋር ተዋህደን ብንቀር ይሻለናል ይል ነበር። እብደት ይመስላል አይደል? ግን ጠበቃ ነውና ክርክሩ አለው፦ 60 ሺህ ሰው፣ ማእድን የለ፣ ኮፕራ (የደረቀ ኮኮናት) እና ቀረፋ ብቻ፣ ሰራዊት የለ፣ ነፃ ብንሆን ማን ያኖረናል ነው። ቪክቶሪያ መሃል በ1903 የተተከለ፣ ለንደን ያለውን ትንሽ የሰአት ማማ አስመስለው የሰሩት ሰአት አለ፣ ዛሬም ቆሟል፣ ያን ሰአት ሳስብ የማንቻም ፖለቲካ ትዝ ይለኛል። ችግሩ እንግሊዝ አልፈለገቻቸውም። ሙሽራው እምቢ ካለ ምን ይደረጋል። ረኔ ደግሞ ነፃነት ይላል፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ድጋፉን የሰጠው ለሱ ነው፣ ማንቻም ከእኛው አዲስ አበባ ዋና መስሪያ ቤት ከነበረው ድርጅት ይልቅ ለለንደን ይቀርብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ኤርፖርቱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እንግሊዝ በ1965 ሦስት የሲሼልስ ደሴቶችን፣ አልዳብራን፣ ፋርኩሃርንና ዴሮሽን፣ ቆርጣ ቻጎስ ከሚባሉት ደሴቶች ጋር ደርባ አዲስ ቅኝ ግዛት ፈጠረች፣ ወታደራዊ ነገር ለመስራት። ለሲሼልስ ካሳ ተብሎ የተሰጣት ማሄ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዛ በፊት እዛች አገር የሚገባው በመርከብ ብቻ ነበር፣ ከሞምባሳ ቀናት ፈጅቶ። ኤርፖርቱ በ1971 ስራ ጀመረ፣ በ1972 ንግስቲቱ ራሷ መጥታ መረቀችው፣ ቱሪስቱ ጎረፈ፣ ሆቴሉ በቀለ፣ ማንቻምም በዚህ ነግሶ አለም ዞረ። ደሴቶቹ በነፃነት ቀን ተመለሱላቸው፣ ኤርፖርቱም ቀረላቸው፣ ከዚህ የተሻለ ካሳ ያገኘ ቅኝ ግዛት ካለ ንገሩኝ። (የኛ አየር መንገድም ዛሬ ማሄ የሚያርፈው እዛው ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1974 ምርጫ ተደረገ። ማንቻም እንግሊዝ እንደማትወስዳቸው ስለገባው ሃሳቡን ቀይሮ እሱም ነፃነት ማለት ጀምሯል። ውጤቱ ሲቆጠር የማንቻም ፓርቲ 52.4 በመቶ፣ የረኔ ፓርቲ 47.6 በመቶ ድምፅ አገኘ። ማለትም አገሪቱ ለሁለት ተከፍላለች። ወንበሩስ? ከ15 ወንበር ማንቻም 13 ረኔ 2። አስራ ሶስት ለሁለት።

እስቲ እዚች ጋ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። በድምፁ ልክ ቢከፋፈል 8 ለ 7 ነበር የሚሆነው። ምርጫው የእንግሊዝ ስርአት ነው፣ በየምርጫ ክልሉ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል፣ ያነሰው የሰበሰበው ድምፅ ውሃ በላው። እኛ አገርም ያለው ይሄው ስለሆነ ነገሩ ይገባናል፣ በኛ አቆጣጠር በ2007ቱ ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ምክር ቤቱን እንዳለ ሲጠቀልሉት ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የረኔ ሰዎች የምርጫ ክልሎቹ አከላለል ራሱ ተንኮል አለበት ብለው ጮኹ። ማንቻም ደግሞ 13 ወንበሩን አይቶ አገሩ የኔ ነው አለ። በኔ እይታ የሰውየው ትልቁ ስህተት ያች ቀን ናት፣ የለንደን ጉዞው አይደለም። ጠበቃ ሆኖ በህግ ያሸነፈውን ነገር በልብም ያሸነፈው መሰለው። ከሁለት ሰው አንዱ ሊጠጋ አልመረጠውም ኮ!

እንግሊዞች ግን ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ነፃነት ከመስጠታቸው በፊት ሁለቱን ጠበቆች አስታርቀው በ1975 ጥምር መንግስት አስመሰረቷቸው። ምክር ቤቱ ላይ 10 ሰው ተጨመረ፣ አምስት አምስት ከየፓርቲው፣ ስለዚህ 18 ለ 7 ሆነ። ይሄም ቢሆን ግማሽ ያህሉን ህዝብ ለያዘ ፓርቲ ሲሶ እንኳን አይሞላም። ጁን 29 ቀን 1976 (ሰኔ 22 ቀን 1968) ባንዲራው ተሰቀለ፣ ማንቻም በ36 አመቱ ፕሬዝዳንት፣ ረኔ ጠቅላይ ሚኒስትር። ቀጣዩ ምርጫ 1979 ነው ተባለ። ሁለት የሚጠላሉ ጠበቆች በአንድ ካቢኔ፣ አንዱ ውጭ አገር ለውጭ አገር እየዞረ ቱሪስትና ኢንቨስተር ሲጠራ ሌላው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ፋይል ያገላብጣል።

ከዛ ያች ሌሊት። 60 ገደማ የሚሆኑ የረኔ ፓርቲ ሰዎች፣ ታንዛኒያ ሄደው የሰለጠኑ፣ የፖሊስን የጦር መሳሪያ ማከማቻ ያዙ። አገሪቱ ሰራዊት የላትም፣ ፖሊስ ብቻ ነው ያላት፣ መሳሪያው ከተያዘ አለቀ። ሬዲዮውን ያዙ፣ ፕሬዝዳንቱ እንዳይመለስ ብለው አወጁ። ማንቻም ለንደን ሆኖ ሲጠየቅ ሲሼልስን መያዝ ጀግንነት አይደለም፣ ሃያ አምስት ሰው ዱላ ይዞ ሊይዛት ይችላል ብሎ ተናገረ። ቀልዱን ወደድኩለት፣ ግን ወዳጄ፣ ይህን ካወቅክ ምነው ሃያ አምስት ጠባቂ አላስቀመጥክ። ረኔ በበኩሉ ስለግልበጣው ቀድሜ አላውቅም፣ ህዝቡ ስልጣን ያዝ ብሎኝ ነው አለ፣ ሰበቡም ማንቻም ምርጫውን ሊያራዝም አስቦ ነበር የሚል ሆነ። ጠበቃ ክስ ሲያዘጋጅ እንደሚያደርገው ነው፣ ተከሳሹ በሌለበት።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር፦ 13 ለ 2 ግፍ ነበር፣ መፈንቅለ መንግስቱም ግፍ ነበር፣ አንዱ ሌላውን አያፀዳውም። የረኔ ወዳጆች ሁሌ የሚያነሱት ከዛ በኋላ የተሰራውን ስራ ነው፣ እውነት ነው ትምህርትና ህክምና ለሁሉም ደረሰ፣ ቤት ተሰራ፣ ዛሬ ሲሼልስ በአፍሪካ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከፊት ከሚሰለፉት አንዷ ናት። ግን በ1979 የወጣው ህገመንግስት አገሪቱን በህግ የአንድ ፓርቲ አደረጋት፣ ጋዜጣ ታፈነ፣ ሰው ታሰረ፣ የጠፋም አለ፣ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ። የረኔ ተቃዋሚ የነበረው ዤራር ኦአሮ በ1985 ለንደን ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ፣ ገዳዩ እስካሁን አልተያዘም።

ማንቻም ስደት ላይ ሳለ ደግሞ ያ የፊልም የሚመስል ነገር መጣ። ኖቬምበር 25 ቀን 1981 ከስዋዚላንድ የተነሳ አውሮፕላን ማሄ አረፈ፣ ውስጡ ከ40 በላይ የራግቢ ተጫዋችና ቢራ ጠጪ ማህበርተኛ ነን የሚሉ ነጮች፣ ለወላጅ አልባ ህፃናት የሚሰጥ አሻንጉሊት ይዘናል ባዮች። አለቃቸው ኮንጎ ውስጥ የታወቀው ቅጥረኛ ማይክ ሆር ነው። ከአሻንጉሊቱ ስር ክላሽ ነበረ። አብዛኞቹ ጉምሩኩን በሰላም አለፉ፣ ወደ መጨረሻ ላይ የአንዱን ሻንጣ ጉምሩክ ሰራተኛው ሲፈትሽ መሳሪያው ወጣ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ያ ካሳ ተብሎ የተሰጠ ኤርፖርት የጦር ሜዳ ሆነ። በመሃል ምንም የማያውቅ የኤር ኢንዲያ ቦይንግ 707 መጥቶ አረፈ፣ ቅጥረኞቹ ጠልፈውት ደርባን አረፉ። አላማቸው ማንቻምን መመለስ ነበር። የደቡብ አፍሪካ መንግስት እጅ እንዳለበት ወጣ፣ ሆርም በአውሮፕላን ጠለፋ እዛው ደቡብ አፍሪካ 10 አመት ተፈረደበት። ለማንቻም ግን ከዚህ የከፋ ነገር አልነበረም፤ ከዛ ወዲህ ረኔ ይሄው ቅጥረኛ ሊልክባችሁ ነው ማለት ቻለ።

ጊዜው ሄደ፣ የበርሊን ግንብ ወደቀ፣ ሶቭየት ስትዳከም ለረኔም ነፋሱ ተቀየረ፣ ኮመንዌልዞቹም ፈረንሳዮቹም ጫኑት፣ በ1991 መጨረሻ መድብለ ፓርቲ እፈቅዳለሁ አለ። ኤፕሪል 1992 ማንቻም ከ15 አመት በኋላ ማሄ ገባ። የ37 አመት ጎረምሳ ሆኖ የወጣ ሰው 52 አመቱ ነው፣ ያ ጥቁር ፂም ሸብቷል።

እና ሁለቱ ጠበቆች የህገመንግስት ኮሚሽን ውስጥ እንደገና ተፋጠጡ። የኮሚሽኑን አባላት ህዝቡ ነው የመረጠው፣ የረኔ ፓርቲ 58.4 በመቶ፣ የማንቻም 33.7። እዚህ ላይ በጣም የምወደው አንቀፅ አለ፦ ረቂቁ የሚፀድቀው በህዝበ ውሳኔ ነው፣ ግን በግማሽ ድምፅ አይበቃም፣ 60 በመቶ ያስፈልጋል። ማንቻም መሃል ላይ ስብሰባውን ረግጦ ወጣ፣ ረኔ ብቻውን ጨረሰው፣ ለፕሬዝዳንቱ ከመጠን ያለፈ ስልጣን የሚሰጥ ረቂቅ ወጣ፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያንም በፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ተቃወመችው፣ እዛ አገር ደግሞ የቤተክርስቲያን ቃል ቀላል አይደለም። ኖቬምበር 1992 ህዝቡ ወጣ፣ እሺ ያለው 53.7 በመቶ ሆነ። በድሮው ሂሳብ ቢሆን አሸናፊ ነው፣ በ52.4 አገር የተያዘበት ጊዜ ነበርኮ! በአዲሱ ሂሳብ ግን ወደቀ።

ረኔም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። 1993 መጀመሪያ ላይ ድርድሩ እንደገና ተከፈተ፣ አሁን ሁለቱም ወገን ተስማምተው የወጣው ረቂቅ ጁን 18 ቀን 1993 ለህዝብ ቀረበ፣ 73.9 በመቶ እሺ አለ። ያው ህገመንግስት ነው እስከዛሬ የሚሰራው። ልዩነቱን አያችሁት? የመጀመሪያው 53.7፣ የሁለተኛው ወደ 74 የሚጠጋ፣ በመሃላቸው ሰባት ወር እና አንድ ላይ ቁጭ ማለት ብቻ ነው ያለው።

በወሩ ምርጫ ተደረገ። ለፕሬዝዳንትነት ረኔ 59.5፣ ማንቻም 36.7። ተሸነፈ፣ ሽንፈቱንም ተቀበለ። የምክር ቤቱ ግን ይበልጣል። 33 ወንበር ነው፣ 22ቱ በድሮው መንገድ በየምርጫ ክልሉ፣ 11ዱ ደግሞ ፓርቲዎቹ ባገኙት ድምፅ መጠን የሚከፋፈል። በምርጫ ክልል የረኔ ፓርቲ 21 ወሰደ፣ የማንቻም ፓርቲ አንድ። አንድ ብቻ! ሲሶ የሚጠጋ ድምፅ ይዞ ከ22 አንድ። በድምፅ መጠን ከሚከፋፈለው ደግሞ አራት ደረሰውና አምስት ሆነ። በ1974 13 ለ 2 አሸንፎ ምንም ቅር ያላለው ሰው 21 ለ 1ን በራሱ ቀመሰ፣ ከጠቅላላ መጥፋት ያዳነውም ያኔ ለተቃዋሚው ያልነበረው ድርሻ ነው። ያን ቀን ውጤቱን ሲሰማ 1974 ትዝ ብሎት ይሆን?

ከዛ በኋላ ማንቻም እርቅ እርቅ ማለት ጀመረ። በቀልም አልፈለገም፣ የገለበጠውን ሰው ጨበጠ፣ አገሪቱ ትንሽ ናት አንድ ላይ እንኑር አለ። ደጋፊዎቹ ግን ብዙዎቹ አልወደዱለትም፣ መሬታቸው የተወሰደ፣ ዘመዳቸው የጠፋባቸው፣ ስደት የከረሙ ሰዎች ናቸውና ጂሚ ለሰለሰ አሉ። ድምፁ ወደ አንግሊካን ቄሱ ዌቭል ራምካላዋን ሄደ፣ በ1998 ምርጫ ረኔ 66.7፣ ራምካላዋን 19.5፣ ማንቻም 13.8 ሆኖ ሶስተኛ ወጣ። የፖለቲካ ህይወቱ እዛ ላይ አበቃ ማለት ይቻላል። በዚህ ነገር ላይ እኔ ራሴ ሁለት ልብ ነኝ፣ እርቁ ደግ ነው፣ ግን የተበደለው ሰው ሳይጠየቅ በመሪዎቹ መሃል የሚደረግ እርቅ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ የተበዳዮቹን ቃል የሚሰማ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ስራ የጀመረው ማንቻም ካለፈ በኋላ በ2019 ነው።

ባንዲራቸውን አይታችሁ ከሆነ ከግራ ታችኛው ጥግ ተነስቶ እንደ ጨረር የሚዘረጋ አምስት ቀለም ነው። በ1996 የወጣ ነው። ሰማያዊና ቢጫው የማንቻም ፓርቲ ቀለም፣ ቀይ ነጭና አረንጓዴው የረኔ ፓርቲ ቀለም ነው። በነፃነት ቀን የተሰቀለው ባንዲራ ረኔ ሲመጣ ወርዶ ነበር፣ የረኔም ባንዲራ በዚህኛው ወረደ።

ማንቻም ጃንዋሪ 8 ቀን 2017 በ77 አመቱ አረፈ። ረኔ በ2004 ስልጣኑን ለምክትሉ አስረክቦ ነበር፣ እሱም ፌብሩዋሪ 2019 ሞተ። ኦክቶበር 2020 ላይ ራምካላዋን በ54.9 በመቶ አሸነፈ፣ ከ1977 ወዲህ ተቃዋሚ ቤተመንግስት ሲገባ የመጀመሪያው ነው፣ የሞተም የታሰረም የለም። በዛው ምርጫ ረኔ ያቋቋመው ፓርቲ፣ ስሙን ቀያይሮ ዩናይትድ ሲሼልስ የሆነው፣ 42 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ26 ምርጫ ክልል ያሸነፈው ስድስቱን ነው። አሁን ህጉ ለእያንዳንዱ 10 በመቶ ድምፅ አንድ ተጨማሪ ወንበር ይሰጣል። አራት ጨመሩለት፣ አስር ሆነ።